የእሑዱ ሽሮ

ዘነበ የዘይቱን ጀሪካን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት አስጠጋው። የጠዋት ፀሐይ በቢጫው ፕላስቲክ ውስጥ አልፋ የዘይቱን ልክ ቁልጭ አድርጋ አሳየችው። ሰኞ ዕለት፣ ሰው ሳያየው፣ ልኩ ላይ በጥቁር ማርከር ቀጭን መስመር አስምሮ ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው። ዘይቱ ከመስመሯ ቅንጣት አልወረደም።

ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። የዘነበ ፊት ግን ጠቆረ። ሦስት ቀን ሙሉ በዚህ ቤት ምግብ ተሠርቷል፤ ሽንኩርት ሲቁላላ በጆሮው ሰምቷል። ይህ ዘይት ካልጎደለ፣ አንድ የተደበቀ ሌላ ዘይት አለ ማለት ነው።

"ጥሩነሽ!"

ሚስቱ ሻሿን እያሰረች ከጓዳ ብቅ አለች። ለሥራ ለባብሳለች፤ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ በሁለት ሰዓት ወንበሯ ላይ መገኘት አለባት።

"ምነው? ጋዙ ፈነዳ?"

"ይህ ዘይት ለምን አልጎደለም?"

ጥሩነሽ ጀሪካኑን አየች፤ መስመሯን አየች፤ ከዚያ እሱን አየችው።

"ምልክት አደረግህበት?"

"የጠየቅሁሽን መልሺ።"

"ዘይት የሚባል ድስቴ እንዳይነካ ያልከኝ አንተ አይደለህም? በውኃ ነው የማቁላላው።"

"የእናንተስ?"

"የእኛስ ምን? ለሦስት ሰው ሁለት ድስት ልጥድ? ያንተን ስኳር ሦስታችንም ታመንልህ ቁጭ ብለናል።"

ዘነበ ጀሪካኑን አስቀመጠና የሱሪውን ወገብ በአውራ ጣቱ ሳብ አደረገ። በሆዱና በሱሪው መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ተፈጠረ።

"እሺ ይኼስ? መስቀል ላይ ይህ ሱሪ አልቆለፍ ብሎኝ ነበር። ዛሬ እጄ ይገባበታል። ልብስ ሰፊ ጋ ወስደሽ አስፍተሽዋል።"

"ለምን ብዬ?"

"ውፍረቴ እንዳይታወቀኝ! እንዳልነቃ!"

ልጁ ሳሌም የዩኒቨርሲቲ ደብተሮቿን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሳቋን ልትይዝ ሞክራ አልቻለችም።

"አባዬ፣ ሱሪው የሰፋህ ከስተህ ይሆናል ብለህ አስበህ ታውቃለህ?"

"የከብት ገበያው ሚዛን እንደዚያ አይልም። ስጀምር ዘጠና ሰባት ነበርኩ። ትናንት ዘጠና ስምንት ሆንኩ። ሁለት ወር ሙሉ ገለባ በልቼ አንድ ኪሎ ጨመርኩ! ከየት መጣ? ከአየር?"

ነገሩ የተጀመረው የመስቀል ማግስት ነው። ሐኪሙ የደሙን ውጤት አገላብጦ "ስኳር ነው" ሲለው፣ ዘነበ ያየው ሐኪሙን ሳይሆን የገዛ ቀኝ እግሩን ነበር። አባቱ እዚሁ ጅጅጋ ጡረታ የወጡ አሥር አለቃ ነበሩ። ጦርነት ያልነካባቸውን እግር ስኳር ከጉልበት በታች አስቆርጦ ወሰደባቸው። ሐኪሙ ለዘነበ ሁለት ወር ሰጠው። ክብደቱ ቢያንስ አምስት ኪሎ ካልቀነሰና የደሙ ስኳር ካልወረደ የኢንሱሊን መርፌ ይጀምራል። ለዘነበ መርፌው የመጋዙ ታላቅ ወንድም ነበር።

የክትትል ነርሷ ሲስተር ኬሪያ በዚያው ቀን አንድ ምክር ጨምራለት ነበር። "በሳምንት አንድ ቀን የሚወዱትን ነገር በትንሹ ይብሉ፤ አለዚያ አይዘልቁትም።" ዘነበ እዚያው ሊጮኽባት ምንም አልቀረውም። ሌባን በሳምንት አንድ ቀን ስረቅ ይሉታል? ጉቦኛን ሐሙስ ሐሙስ ተቀበል ይሉታል? ይህንን ክርክር በቢሮ፣ በባጃጅ፣ በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር፣ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ሁሉ ተከራክሮታል። ጥሩነሽ አንድ ቀን ብቻ "ጾም እንኳ ፍስክ አለው እኮ" ብላ ሞክራው ነበር። ለሁለት ቀን አላናገራትም።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ቅቤ፣ ዘይት፣ ሥጋ፣ ሩዝ፣ ጣፋጭ እርም ብሏል። በጥቅምት መጀመሪያ ከነበረች ከአንዲት ምሽት በቀር አንድም ቀን አልተሳሳተም። ያቺን ምሽት ደግሞ እሱ ራሱ አይቆጥራትም። የሚቀርብለት ሁሉ አመድ አመድ ይለዋል። የእሑዱ ሽሮ ብቻ አፉ ውስጥ ነፍስ ይዘራል፤ ያንንም ከቅዳሴ ቆሞ ለሚመጣ ሰው የሚሰጥ በረከት ነው ብሎ ዝም ብሎ ይበላዋል።

አሁን ግን ዝም አላለም። ደሙን ትናንት በባዶ ሆዱ ሰጥቷል። ውጤቱንና ክብደቱን የሚሰማው ዛሬ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

"ስሚ ጥሩነሽ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ዘነበ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ቤቱ ሁሉ ይፈራል። "ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት እመዘናለሁ። ካልቀነስኩ፣ አንድ ሰው በምግቤ እየገባ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከእጅሽ አልበላም።"

ሳሌም ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ባል ሚስቱን ይሰድባል፤ ያኮርፋል፤ ምግብ ይነቅፋል። "ከእጅሽ አልበላም" የሚባለው ግን ለሌላ ነገር ነው። መድኃኒት አድርጋብኛለች ለሚል፣ ለሽማግሌ ለሚጠራ፣ ፍቺ ደጃፍ ላይ ለቆመ ሰው ነው። ሃያ ሦስት ዓመት አብረው ኖረው ይህ ቃል በዚህ ቤት ተነግሮ አያውቅም።

ጥሩነሽ ሻሿን አጥብቃ አሰረች። ነጠላዋን ከበሩ ጀርባ አነሳች።

"እሺ" አለች። ወጣች።

ዘነበ ይህን "እሺ" እስከ ከብት ገበያው ድረስ በባጃጅ ውስጥ እያገላበጠ ሄደ። ንጹሕ ሰው ይቆጣል፤ ይምላል፤ ያለቅሳል። እሺ የሚለው የሚደብቀው ያለው ነው።

ከብት ገበያው ደርሶ ሚዛኑን ሲያይ ሌላ ንዴት ጠበቀው። ሚዛኑ ሦስት ዓመት ሆኖታል። በጎችና ፍየሎች ቆመው የሚመዘኑበት ሰፊ የብረት ሰሌዳ ነው፤ ከሥሩ ወፍራም ሞላ አለው፤ ከላይ እንደ ግድግዳ ሰዓት ክብ ፊትና ጥቁር ጠቋሚ። ዘነበ የእንስሳት ግብይት ባለሙያ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "እንስሳ በሚዛን ይሸጥ! ዋጋ በአደባባይ ይጠራ!" እያለ ጮኾ፣ ጽፎ፣ ተሰብስቦ፣ ሰው አስቀይሞ ያስመጣው ነው። ደላሎቹ ስሙን "ሚዛን" አሉት እንጂ በሚዛኑ አንድ ፍየል አልሸጡም። ይልቅ የዴቃ የሻይ ዳስ አጠገብ ስለሆነ አግዳሚ ወንበር አደረጉት። ዛሬም አምስት ሽርጥ የታጠቁ ወፋፍራም ሰዎች ብርጭቋቸውን ይዘው ተደርድረውበታል።

"ተነሡ! ይህ ሚዛን ነው፣ መደብ አይደለም!"

ሰዎቹ ተነሡ። ፊቱን ሲያዞር ተመልሰው የሚቀመጡ ሰዎች አነሣስ ነበር። ዘነበ ከኪሱ ጠመንጃ መፍቻውን አወጣና ብሎኗን አዙሮ ጠቋሚውን ዜሮ ላይ አቆመ። ይህን በየቀኑ ያደርጋል። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ወጣበት። ጠቋሚው እየተንቀጠቀጠ ዞረና ቆመ።

ዘጠና ስምንት።

"ሚዛን፣ ሻይ በግመል ወተት ላድርግልህ?" አለች ዴቃ ከምድጃዋ ሳትነሳ።

"ስኳር የሌለው።"

"ስኳር የሌለው ሻይ መድኃኒት ነው። እኔ ፋርማሲ አይደለሁም።" ከዚያ ቀና ብላ አየችው። "ወላሂ ጉንጭህ ጠፍቷል። ሚስትህን ሰው ምን ይላታል? ባሏን አታበላም ይሏታል።"

"ሚስቴን ተያት" አላት። የሚስቱ ወሬ ከዴቃ አፍ መውጣቱ ራሱ ነገር ሆነበት። እነዚህ ሁለት ሴቶች የት ይተዋወቃሉ?

ትንሽ ራቅ ብሎ ባሺር ሥራ ላይ ነበር። ባሺር ሃያ ዓመት የደለለ ሰው ነው። ከአንድ አዛውንት አርብቶ አደር ፊት ለፊት ቆሟል፤ ሁለቱም ቀኝ እጃቸውን አንድ ሻል ሥር ከተዋል። ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም። ከሻሉ ሥር ግን ጣት ጣትን ይይዛል፤ አንድ ጣት አንድ ነው፣ ሁለት ጣት ሁለት፣ ሙሉ እጅ አምስት። አዛውንቱ እጃቸውን ነጠቁ፤ መልሰው ሰጡ። ጨርቁ ተገለጠ፤ በጎቹ ተሸጡ። በስንት እንደተሸጡ ከሁለቱ በቀር ያወቀ የለም።

"ዘረፍካቸው?" አለ ዘነበ፣ ባሺር ወደ ሻዩ ሲመጣ።

"ዋርያ፣ አንተ ሚዛን፣ ጠዋት ጠዋት ሰላም ይባላል።"

"በጨርቅ ሥር የሚሠራ ነገር ሁሉ ስርቆት ነው። ንጹሕ ዋጋ ለምን ይደበቃል?"

ባሺር ሻዩን ተቀብሎ አንዴ ማግ አደረገ። "ሽማግሌው የቸገራቸው ናቸው። ልጃቸው ሆስፒታል ተኝቷል። ዋጋው ጮኾ ቢጠራ፣ ምን ያህል እንደቸገራቸው ገበያው ሁሉ ያውቅ ነበር። ጨርቁ ለሌባ አይደለም፤ ለሚያፍር ሰው ነው።"

"ቃል አሳምረህ ሞተሃል።"

"አንተ ደግሞ ከስተህ ሞተሃል። ስንት ነኝ አለህ ያ ብረት?"

"ዘጠና ስምንት።"

ባሺር ብርጭቆውን አስቀመጠ። ዘነበን እንደ በግ ዞሮ አየው፤ ከኋላም ከፊትም። ወገቡን በሁለት እጁ ያዝ አድርጎ ለቀቀው። ዴቃ በሻርፗ አፏን ሸፈነች።

"ዘጠና ሁለት አትሞላም" አለ ባሺር። "በፊት ለመስዋዕት ትሆን ነበር፤ አሁን የምገዛህ ለእርባታ ነው።"

"ሚዛን አይዋሽም።"

"ዓይኔ ሃያ ዓመት አብልቶኛል። ያንተ ብረት ማንን አበላ?"

በዚህ መካከል አንድ ባጃጅ ለዴቃ የስኳር ጆንያ ይዞ መጣ። ስፌቱ ያልተፈታ፣ የፋብሪካው ማኅተም ያለበት፣ ፊቱ ላይ ትልቅ "50" የተጻፈበት ነው። ባሺር ጆንያውን አየ፤ ሚዛኑን አየ፤ ባለባጃጁን በዓይኑ ጠቀሰው።

"አውጣው እስቲ እዚያ ላይ።"

ጆንያው ሰሌዳው ላይ ዱብ አለ። ጠቋሚው ዞሮ ሃምሳን አለፈና ሃምሳ ሦስት ተኩል ላይ ቆመ።

ዘነበ ጠቋሚውን በጥፍሩ መታ መታ አደረገው።

"ጆንያው ረጥቧል" አለ ዘነበ።

ዴቃ ጆንያውን በመዳፏ ዳበሰችው። "እንደ ምላሴ ደረቅ ነው።"

"እንግዲያው ትርፍ ተሞልቶበታል።"

ባሺር ሳቁን በጢሙ ውስጥ አፍኖ ቆመ። ዘነበ የተናገረውን ራሱ ሰማው። ሁሉን ሲጠረጥር የኖረ ሰው ነው፤ የዱቄት ነጋዴ፣ የሩዝ ነጋዴ፣ የስኳር ነጋዴ ስንት ግራም እንደሚሰርቅ በቃሉ ይዘረዝራል። በዚህ ምድር ላይ ለደንበኛው ሦስት ኪሎ ተኩል ስኳር በነጻ የሚመርቅ ነጋዴ እንዳለ ለማመን፣ ዕድሜ ልኩን ያካበተውን ጥርጣሬ ሁሉ መጣል ነበረበት።

ጎንበስ ብሎ ከሰሌዳው ሥር አየ። ሞላው ዝጎ፣ ተንሻፎ፣ ላልቶ ነበር። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር፣ አምስት አምስት ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጦበታል። እሱ ደግሞ በየጠዋቱ በታማኝነት ዜሮ ላይ ሲያቆመው ኖሯል። ባዶውን ሚዛን ነው ያስተካከለው፤ ሸክም ሲወጣበት የሚያደርገውን አልፈተሸም።

ያስቀየመው የባሺር ሳቅ አልነበረም። ጠዋት ለጥሩነሽ የተናገረው ቃል ነበር። ወዲያው ግን ያ ልማዱ ቀሰቀሰው። የላላ ሞላ የዘይቱን ነገር አይፈታም። ሽንኩርቱ በውኃ ብቻ ከተቁላላ፣ ያን ሁሉ ድምፅ ከየት አመጣው?

በዘጠኝ ሰዓት ሐኪም ቤት ደረሰ። ሲስተር ኬሪያ የክብደት መለኪያው ላይ እንዲወጣ ምልክት ሰጠችው። ዘነበ አልወጣም።

"ይኼኛው ተፈትሿል?"

"ትናንት ነው የተፈተሸው ጋሽ ዘነበ።"

"ማን ፈተሸው?"

"እኔ። መጀመሪያ እኔ ልውጣበት?" አለችና ወጣች፤ የራሷን ኪሎ በእጇ ከልላ ወረደች። "ለእርስዎ አይነገርም። ልክ ነው። ይውጡ።"

ወጣ። ዘጠና አንድ ተኩል።

ኬሪያ ፋይሉን ገለጠች፤ የደሙን ውጤት አየችና ፊቷ በራ። "ስኳሩም ወርዷል። ብዙ ወርዷል! ዶክተሩ መርፌ አይልዎትም። ማሻ አላህ፣ አምስት ኪሎ ተኩል። አዩ? ምክሬን ስለሰሙ እኮ ነው።"

"የቱን ምክር?"

"በሳምንት አንድ ቀን ትንሽ..."

"በፍጹም!" ጣቱን አነሳ። "አንዲት ጠብታ! አንዲት ፍርፋሪ! እኔ እንደ ሌሎቹ አይደለሁም፤ ቆረጥኩ ካልኩ ቆረጥኩ ነው። ይህ ምክርሽ ስንቱን እንደገደለ እግዚአብሔር ይቁጠረው።"

ኬሪያ ግራ ገባት። "እንዴ፣ ባለቤትዎ እኮ..." አለችና አፏን ዘጋች።

ዘገየች። ዘነበ ቃሏን እንደ ፍየል በቀንዱ ይዞታል።

"ባለቤቴ ምን?"

"ምንም።"

"ሲስተር፣ ባለቤቴ ምን?"

ነርሷ ወደ በሩ ተመለከተች፤ ሰው አልነበረም። "በጥቅምት መጥተው ጠይቀውኝ ነበር። ሰው ሊነክስ ለደረሰ ባል ስንት ቅቤ ይፈቀዳል አሉኝ። እኔም አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ በሳምንት አንድ ቀን አልኩ። ይነግሩዎታል ብዬ ነው እኮ። እሑድ እሑድ ሽሮው ላይ አደርጋለሁ አሉኝ..."

ዘነበ ጫማውን አሠረ፤ ፈታ፤ እንደገና አሠረ። እንግዲህ ልክ ነበር! አልተሳሳተም፤ አላበደም! በምግቡ ሰው ገብቶበታል። እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ ሲመለስ፣ በበረከት ስም! ልክ የመሆን ደስታ ደረቱን ሞላውና እስከ ዋናው መንገድ ሁለቱን እርምጃ በአንድ እየተራመደ ወጣ። ባጃጁ ውስጥ ንግግሩን አዘጋጀ። ከስንት ጊዜ ጀምሮ ታታልለዋለች? ከማን ጋር ተማክራ? ከነርስ ጋር፣ ከኋላው፣ የገዛ ሆዱን ጉዳይ! መንደሩ ጋ ሲደርስ ግን ንግግሩ አንድ ቦታ ላይ እየተያዘ አስቸገረው። ቅቤውን በላ፤ ኪሎውም ወረደ። ይህንን ዓረፍተ ነገር ወዴትም ቢያዞረው የሚቆምበት እግር አጣለት።

ቤት ሲገባ ጥሩነሽ ከሥራ ቀድማ ተመልሳ ሶፋው ጫፍ ላይ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ተቀምጣለች። ሳሌም በሩ አጠገብ ደብተሯን ዘርግታለች፤ አንድም ገጽ ግን አልገለጠችም። ጠረጴዛው ላይ የተከደነ ሽሮና እንጀራ አለ። ከአጠገቡ አንድ አሮጌ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ክዳኑ ተከፍቶ ቆሟል። ሩቡን የሚያህል ፈዘዝ ያለ ቢጫ ቅቤ አለበት።

"ምግቡን የሠራችው ሳሌም ናት" አለች ጥሩነሽ። "አትፍራ፤ እጄ አልነካውም።"

"ይህ ምንድን ነው?"

"የምትፈልገው ነዋ። ሱበግ ነው። ኬሪያ ደውላልኛለች።"

"ሱበግ? የሶማሌ ቅቤ?"

"የኛ ቅቤ ሽታው ከበር ይቀበልሃል። ይህ ዝም ያለ ነው።"

"ከማን ገዛሽው?"

"ከዴቃ።"

"ዴቃም አለችበት!" እጁን ጭኑ ላይ መታ። "ነርስ፣ ሻይ ሻጭ፣ ሚስት! ስብሰባ ነው የተደረገብኝ። ቃለ ጉባኤስ ይዛችኋል? እኔ እኮ የሳምንት ፈቃድ የሚባል አልፈልግም ብያለሁ! አንድ ቀን የፈቀደ ሰው ነገ ሁለት ይፈቅዳል። የሰው ልጅን አላውቀውም?"

"ታውቀዋለህ" አለች። ተነስታ ወደ ጓዳ ገባችና የታጠፈ ወረቀት ይዛ ተመለሰች። ሳሌም እንዳታይ ወረቀቱን በመዳፏ ሸፍና እጁ ላይ አስቀመጠችለትና ሶፋው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

ዘነበ ገልጦ ማየት አላስፈለገውም። ወረቀቱ በቅባት ወዝቶ መስታወት መስሏል፤ ጠርዙ ላይ የደረቀ ጣፋጭ ሐልዋ ተጣብቋል። ያቺ የማትቆጠረው ምሽት ነበረች። ከሥራ ሲመለስ፣ ከሐልዋ ሱቁ ጀርባ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ግማሽ ኪሎ ሐልዋ ሰው እንዳያየው እየፈራ በቆመበት ጨርሶ ነበር። ጣቶቹን ልሷል። ከዚያ ቤት ገብቶ "ጨው በዝቷል" ብሎ ምስር አስመልሷል።

"ኮትህን ላጥብ ስል ነው ያገኘሁት" አለች በዝግታ። "ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለተኛ ገዝተህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።" ይህ እውነት ነበር።

"ለምን ይመስልሃል?"

ዘነበ ወረቀቱን በጣቶቹ መሐል አጠፈው። እሑድን መጠበቅ የጀመረው ከዚያ ወዲህ እንደሆነ አሁን ነው የገባው። ሰኞ የሚቻለው፣ ማክሰኞ የሚያልፈው በዚያ ሽሮ ምክንያት ነበር።

"ለምን አልተናገርሽም?"

"ምን ብዬ? ለሰፈሩ ሁሉ ሰባኪ ሆነህ፣ ሌባን በሳምንት አንድ ቀን ስረቅ ይሉታል ወይ እያልክ ስትጮኽ፣ ወረቀቱን ልጅህ ፊት ላውጣብህ?" ወደ ወጥ ቤቱ ጠቆመች። "አንተ ግን ዘይቴ ላይ አሰመርክብኝ። ከእጅሽ አልበላም አልከኝ። እዚህች ልጅ ፊት።"

ሳሌም አንገቷን ደፋች። በግድግዳው ማዶ የጎረቤት ሬዲዮ በሶማሊኛ ዜና ያነባል። ዘነበ ይቅርታ መጠየቅ አያውቅበትም። ቃሉን ያውቀዋል፤ ሌሎች ሲሉት ሰምቷል፤ ከአፉ ሲወጣ ግን ክርክር ይሆንበታል። አፉን ከፈተና "ሞላው ላልቶ ነው" አለ።

"ምኑ?"

"የሚዛኑ። ተቀምጠውበት።"

ወረቀቱን ኪሱ ከተተና ከጎኗ ተቀመጠ። ሶፋው ሲጢጥ አለ። የነጠላዋን ጫፍ ከትከሻዋ ሳበና በጭኗ ላይ የነበረውን ቀኝ እጇን ሸፈነው። የራሱንም እጅ ከሥሩ አስገባ።

ጥሩነሽ ደነገጠች። እሷም የጅጅጋ ልጅ ናት፤ የዚህን ነገር ትርጉም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ዘጠኝ ዓመት "ስርቆት ነው" ሲል የሰማችው ሰው እጅ ግን ከነጠላዋ ሥር እጇን ሲፈልግ አጋጥሟት አያውቅም። እጇን ልትነጥቅ ሳበች። አልለቀቃትም። ቆይታ መለሰችለት።

አንድ ጣቷን ያዘ፤ በሳምንት አንድ ቀን።

ጥሩነሽ ፊት ለፊት ግድግዳውን እያየች ሁለት ጣቱን ጨበጠች።

ራሱን ነቀነቀ። አንዱን ጣቷን እንደገና ያዘ፤ አጥብቆ። እሷ ሁለቱን አልለቀቀችም። ደላላ ብትሆን ባሺርን ታስንቅ ነበር። በመጨረሻ አንደኛውን ጣቱን ለቀቀች፤ ሌላኛውን ግን እስኪያመው ጨበጠችውና ያዘችው። አላስለቀቃትም።

ነጠላውን ገለጠችና ወደ ጠረጴዛው ዞረች። ከቆርቆሮው አንድ የሾርባ ማንኪያ ለክታ ሽሮው ላይ ጣል አደረገች። እንጀራ ቆረሰች፤ ጠቀለለች፤ አነሳችለት። እጇ አየር ላይ ቀረ። አልገፋችበትም፤ አልመለሰችውምም።

ሳሌም ከበሩ አጠገብ መቻል አቃታት። "በስንት ተስማማችሁ?"

ዘነበ፣ ዋጋ በአደባባይ ይጠራ እያለ ዘጠኝ ዓመት ገበያውን ያደነቆረው ሰው፣ የሚስቱን እጅ እያየ "በጨርቅ ሥር የሆነ አይነገርም" አለና አፉን ከፈተ።